ፊሽካው በማን እጅ ነበር? የጠፋች አገር ሻምፒዮኖች

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል የአገራችን ሰው። አበው ይህን ሲሉ ስለ እግር ኳስ እንዳላሰቡ ግልጽ ነው። እኛ ግን ዛሬ በዓለም ካርታ ላይ የማትገኝ የአንዲት አገር የሻምፒዮኖች ዝርዝር እጃችን ገብቶ ስንመረምረው፣ የአባባሉን ፍቺ በሣር ሜዳ ላይ ተጽፎ አገኘነው። አገሪቱ ምሥራቅ ጀርመን ናት። የበላይ ሊግዋ «ኦበርሊጋ» ይባል ነበር። የመጀመሪያው ሻምፒዮን በ1950፣ የመጨረሻው ደግሞ በ1991 ድሉን ተቀዳጅተዋል። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለበት በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

አገር በመከራ ውስጥ ሳለች ስለ ባዕድ ኳስ መጻፍ ቅንጦት ነው የሚሉን ወገኖች እንደሚኖሩ እናውቃለን። ተግሣጻቸውን በአክብሮት እየተቀበልን፣ እስከ መጨረሻው እንዲታገሡን እንለምናለን። በአገር ቤት በጋዜጠኝነት ስንሠራ ስለ ምርጫ አስፈጻሚዎች፣ ስለ ፍርድ ቤቶች፣ ስለ መንግሥት መገናኛ ብዙኃን ብዙ ጽፈናል። አንድ ጥያቄ ግን ዘወትር ሲከነክነን ኖሯል። ዳኝነት ነጻነቱን ሲያጣ ከሕዝብ ላይ የሚሰረቀው ነገር በትክክል ምንድን ነው? መልሱን ያገኘነው ከሕግ መጻሕፍት አይደለም። በስደት ከምንኖርበት ከጀርመን ምድር፣ ከዚህ አሮጌ የሻምፒዮኖች ዝርዝር ነው።

ከዝርዝሩ አናት የሰፈረው ስም ሆርኽ ጽቪካው ነው፤ የአንድ መኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን ነበር። ኤፕሪል 16 ቀን 1950 በድሬስደን ከተማ 60 ሺህ ያህል ተመልካች በተገኘበት የመጨረሻ ጨዋታ የገጠመው ፍሪድሪኽሽታት የተባለውን የከተማይቱን ቡድን ነበር። ፍሪድሪኽሽታት የቀድሞው የድሬስደን ስፖርት ክለብ ልጆች የተሰባሰቡበት በመሆኑ፣ አዲሶቹ ገዥዎች የአሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ አድርገው ያዩት ነበር። ከፓርቲው ቁንጮዎች አንዱ የነበረው ዋልተር ኡልብሪክት በክብር ቦታ ተቀምጦ ይመለከታል። መጀመሪያ ግብ ያስቆጠሩት ድሬስደኖች ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ሜዳው የእርግጫ ሜዳ ሆነ። ተጫዋቾቻቸው እየተመቱ ወደቁ፤ በዚያ ዘመን ተቀያሪ ማስገባት አይፈቀድም፤ ፊሽካውም ዝም አለ። ጨዋታው 5 ለ 1 በሆነ ውጤት ለሠራተኞቹ ቡድን ሲያበቃ ሕዝቡ ሜዳውን ወረረ፣ ፈረሰኛ ፖሊስም ተሰማራ።

ብዙም ሳይቆይ ፍሪድሪኽሽታት እንዲፈርስ ተደረገ። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ከአሰልጣኛቸውና ከቡድን ጓደኛቸው ከሄልሙት ሾን ጋር ወደ ምዕራብ በርሊን ተሰደዱ። እንግዲህ የዚህ ሊግ የመጀመሪያው ሻምፒዮንነት አንድ ሙሉ ቡድን ለስደት የተዳረገበት ሻምፒዮንነት ነው። ይህን ስናነብ የተሰማንን ለስደተኛ አንባቢ መዘርዘር አያሻንም።

ሄልሙት ሾን ማን እንደሆነ የኳስ አፍቃሪ ሁሉ ያውቃል። በ1974 ምዕራብ ጀርመንን ይዞ የዓለም ዋንጫን ያነሣው እርሱ ነው። በዚያው ውድድር፣ ጁን 22 ቀን 1974 በሐምቡርግ፣ ካባረረችው ከምሥራቅ ጀርመን ጋር ተገናኝቶ በዩርገን ሽፓርቫሰር ግብ 1 ለ 0 ተሸንፏል። የምሥራቁ መንግሥት ያችን ግብ ለዓመታት የሥርዓቱ ብልጫ ምስክር አድርጎ ሲያወሳት ኖረ። ዳሩ ግን በ1988 ለአንጋፋ ተጫዋቾች ውድድር ወደ ምዕራብ የተሻገረው ሽፓርቫሰር ራሱ በዚያው ቀረ። የተባረረውም፣ ግብ አግብቶ የተወደሰውም መጨረሻቸው ከአንድ ወገን ሆነ። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ታፌዛለች።

በዚያች አገር ክለብ የደጋፊው አልነበረም። በ1953 ሻምፒዮን የሆነው ዲናሞ ድሬስደን ነበር። በ1954 ግን ለዋና ከተማይቱ ጠንካራ የጸጥታ ኃይሎች ቡድን ያስፈልጋታል ተብሎ ተጫዋቾቹ ወደ በርሊን ተዛወሩ፤ ድሬስደንም ወደ ታችኛዎቹ ዲቪዚዮኖች ወረደች። በዚያው ዓመት ላውተር ከምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ቡድን ውድድሩ ገና ሳያልቅ ተነቅሎ፣ ወደ ባሕር ዳርቻዋ ሮስቶክ ተወሰደ። ሰውን ከቀዬው በአዋጅ ነቅሎ ማስፈር ምን እንደሚመስል ከእኛ ትውልድ የሚጠፋው የለም። ልዩነቱ እዚያ ኳስ ተጫዋች መሆኑ ብቻ ነው።

ይሁንና ይህ ዝርዝር የጉልበተኞች ስም ብቻ የሰፈረበት እንዳይመስላችሁ። በ1963 የላይፕዚግ ከተማ ተጫዋቾች በአለቆች ውሳኔ ለሁለት ተከፈሉ። ምርጥ የተባሉት ለአንዱ ክለብ ተሰጡ፤ «የላይፕዚግ ትራፊ» የተባሉት ደግሞ ለኬሚ ላይፕዚግ ተተዉ። በአልፍሬድ ኩንዘ አሰልጣኝነት እነዚያ ትራፊዎች በ1964 ሻምፒዮን ሆኑ። የተናቀው ድንጋይ ለማዕዘን በቃ። በላይፕዚግ ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ እንደ አድዋ ይተረካል ብንል ብዙ አላጋነንንም።

ማግደቡርግም አለ። ማግደቡርግ በ1972፣ በ1974 እና በ1975 ሻምፒዮን ሆኗል። ሜይ 8 ቀን 1974 በሮተርዳም ኤሲ ሚላንን 2 ለ 0 አሸንፎ የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ወስዷል፤ ከዚያች አገር የአውሮፓ ዋንጫ ያገኘ ክለብ ሌላ የለም። አሰልጣኙ ሃይንስ ክሩገል ይባላል። በ1974 መኸር ባየር ሙኒክ ማግደቡርግ ሲመጣ የጸጥታ ሰዎች በእንግዶቹ መልበሻ ክፍል ማዳመጫ አስቀምጠው፣ የሚሰማውን እንዲጠቀምበት ጋበዙት። እንደ ራሱ ምስክርነት ክሩገል አሻፈረኝ አለ። ጨዋታውን ተሸነፈ። በ1976 ከሥራው ተሰናበተ፤ በትልልቆቹ ሊጎች እንዳያሰለጥንም ታገደና በአንድ ትንሽ ክለብ የስፖርት ቦታ ጠባቂ ሆኖ ኖረ። የዋንጫው ብር ሲደበዝዝ የማይደበዝዝ ነገር ቢኖር እንዲህ ያለ እምቢታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። ከ1979 እስከ 1988 ባሉት ዓመታት የዝርዝሩ መልክ ይለወጣል። አሥር ዓመት፣ አሥር መስመር፣ አንድ ስም፦ ዲናሞ በርሊን። ዲናሞ የፖሊስና የጸጥታ ኃይሎች የስፖርት ማኅበር ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኤሪክ ሚልከ ሲሆን፣ ይኸው ሰው ከ1957 እስከ 1989 ሽታዚ የሚባለው የመንግሥት ጸጥታ መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ነበር። ሜዳ ላይ ባይወርድም ሳምንት ሳምንት ክለቡን ይከታተል የነበረው ሰው እንግዲህ የመላ አገሪቱ ጆሮና ዐይን ባለቤት ነው።

ለፍትሕ ስንል አንድ ነገር እንመስክር። ክለብ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መወለዱ ብቻውን ነውር አይደለም፤ በእኛም አገር ጦሩ መቻልን፣ ፖሊስ ኦሜድላን አቋቁመዋል፤ ሕዝብም ወድዷቸዋል። ደግሞም ዲናሞ በርሊን ደካማ ቡድን አልነበረም። ከመላ አገሪቱ ተሰጥዖ ያላቸውን ልጆች የመመልመል ዕድል ነበረው፤ እንደ አንድሬያስ ቶም ያሉ ድንቅ ተጫዋቾችን አፍርቷል። በ1980 በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ የእንግሊዙን ኖቲንግሃም ፎረስት በገዛ ሜዳው 1 ለ 0 አሸንፏል። የሽታዚ ፊሽካ በማይደርስበት አገር እንዲህ ያለ ጨዋታ ማሸነፍ በጉቦ የሚገኝ አይደለም።

ታዲያ ፊሽካው በአገር ውስጥ እንዴት ነበር የሚሠራው? ብዙ ሰው ሚኒስትሩ ስልክ እያነሣ ዳኞችን ያዝዝ የነበረ ይመስለዋል። ነገሩ ከዚያ የረቀቀ ነው። አንድ ዳኛ በውጭ አገር ጨዋታ ለመምራት የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ወደ ምዕራብ መውጣት ለተራው ዜጋ የተከለከለ ሕልም በሆነበት አገር ይህ ፈቃድ ከደመወዝ ይበልጣል። ፈቃዱ ደግሞ ያለ ጸጥታው መሥሪያ ቤት በጎ ፈቃድ አይገኝም። በኋላ የተከፈቱት መዝገቦች እንደሚያሳዩት፣ ከዳኞቹ መካከል ራሳቸው ለሽታዚ መረጃ አቀባይ የነበሩ አሉ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ማንም ማንንም ማዘዝ አያስፈልገውም። ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያቀርብ ልጁን፣ ቤቱን፣ ፓስፖርቱን ያስባል።

እኛ ይህን ለመረዳት ጀርመንኛ ማወቅ አላስፈለገንም። በአገር ቤት ጋዜጠኝነት ስንሠራ ያየነው ይህንኑ ነው። ከላይ ስልክ የሚደወልለት አዘጋጅ ጥቂት ነበር፤ ስልኩ ሳይደወል የሚሰማው ግን ብዙ ነበር። የአምባገነን ሥርዓት ትልቁ ጥበብ ትእዛዝ መስጠቱ አይደለም፤ ትእዛዝ እንዳያስፈልግ ማድረጉ ነው።

ጁን 8 ቀን 1985 በተደረገው የዋንጫ ፍጻሜ ዲናሞ ድሬስደን ዲናሞ በርሊንን 3 ለ 2 ቢያሸንፍም፣ ፌዴሬሽኑ ፊልሙን መልሶ ሲመረምር ከዳኛው ስሕተቶች አብዛኞቹ ለበርሊን ያደሉ ሆነው ስላገኛቸው ዳኛውን ቀጣ። እንግዲህ ሥርዓቱ ራሱ ያውቅ ነበር።

ሻምፒዮኖቹ ራሳቸውስ? ዋንጫ ያነሡ እጆች ነጻ እጆች አልነበሩም። የዲናሞ በርሊን ተጫዋች ሉትስ አይገንዶርፍ በማርች 1979 ምዕራብ ጀርመን ለወዳጅነት ጨዋታ በሄደበት ጠፍቶ ቀረ። ሚስቱና ሕፃን ልጁ በምሥራቅ ቀሩ። ሽታዚ በየሄደበት ሰላዮች አሰማራበት፤ አንድ ሰላይ ቀድሞ ሚስቱ የነበረችውን ሴት እስከማግባት ደረሰ። በማርች 1983 አይገንዶርፍ በብራውንሽቫይክ በመኪና አደጋ ቆስሎ ከሁለት ቀን በኋላ በ26 ዓመቱ ሞተ። የሽታዚ እጅ አለበት የሚለው ጥርጣሬ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ በፍርድ ቤት ግን አልተረጋገጠም። በኖቬምበር 1983 ደግሞ ፋልኮ ጌትስና ዲርክ ሽሌግል የተባሉ ሁለት ባልደረቦቹ ቤልግሬድ ከተማ ከጨዋታ በፊት ገበያ ሲዘዋወሩ አመለጡ። በየዓመቱ ሻምፒዮን የሚሆን ቡድን ተጫዋቾቹ ለምን ይሸሹታል? ይህ ጥያቄ ለአንድ ክለብ ብቻ የሚቀርብ አይደለም፤ በየዓመቱ ድል ላበሠረ መንግሥት ሁሉ ይቀርባል።

አሁን አንዲት ፍጹም ቅጣት ምት እናንሣ። ማርች 22 ቀን 1986፣ ላይፕዚግ። ሎኮሞቲቭ ላይፕዚግ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኦላፍ ማርሻል ባስቆጠራት ግብ ዲናሞ በርሊንን 1 ለ 0 ይመራል። 90ኛው ደቂቃ አልፏል፤ ፊሽካው ግን ለመጨረሻ ጊዜ አልተነፋም። በተጨመረው ሰዓት አንድ የበርሊን ተጫዋች በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ወደቀ። ዳኛው ቤርንት ሽቱምፍ ወደ ነጥቡ አመለከተ። ፍራንክ ፓስቶር መትቶ አስቆጠረ፤ 1 ለ 1። አገር ተናወጠ። ቁጣው ከስታዲየም አልፎ በፓርቲው ውስጥ ሳይቀር ተሰማ። ሽቱምፍ ከዳኝነት ታገደ። ያም ሆኖ የዓመቱ ሻምፒዮን ዲናሞ በርሊን ሆነ፤ ሎኮሞቲቭ ሁለተኛ ወጣ። ጀርመኖች ያችን ምት «የላይፕዚግ የውርደት ፍጹም ቅጣት ምት» ይሏታል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ተራ የአድልዎ ታሪክ በሆነ ነበር። በ2000 ግን ከሌላ አቅጣጫ የተቀረጸ ፊልም ይፋ ሆነ። በፊልሙ ላይ የላይፕዚጉ ተጫዋች የበርሊኑን ሲገፋው ይታያል። እነሆ፣ ለአሥራ አራት ዓመታት የሌብነት ምልክት ሆና የኖረችው ምት ተገቢ ሳትሆን አልቀረችም!

በስደት ኑሯችን መጀመሪያ አካባቢ በአንድ መጋዘን የሌሊት ሥራ ስንሠራ ከላይፕዚግ የመጣ አንድ አዛውንት የሥራ ባልደረባችን ነበሩ። ያን ቀን ስታዲየም እንደነበሩ ነግረውናል። ስለዚህ ፊልም አንሥተን ስንጠይቃቸው ሣጥን ማንሣታቸውን ሳያቆሙ፣ «ፊልሙስ የማን ነው?» አሉን። ሌላ አልጨመሩም።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ የጥያቄያችን መልስ ይኸው ነው። ዳኝነት በገዥ እጅ ሲወድቅ የሚሰረቀው ከተሸናፊው ነጥብ ብቻ አይደለም። ከአሸናፊው ድሉን፣ ከዳኛው እውነተኛ ፍርዱን፣ ከተመልካቹ ደግሞ የማመን ዐቅሙን ይሰርቃል። እነዚያ የዲናሞ ልጆች ከአሥሩ ዋንጫዎች የትኞቹን በላባቸው እንዳገኙ እነርሱ ራሳቸው እንኳ ሊያውቁ አይችሉም። ሐሰት ሐሰት መሆኑ ይታወቃል፤ በአምባገነን ቤት ግን እውነትም እውነት መሆኑን ማስረዳት ያቅተዋል። በ1997 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገውን ምርጫ ያስታወሰ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ቆጣሪው ያልታመነበት ኮሮጆ ውስጥ በሐቅ የተሰጠ ድምፅም አብሮ ይቀበራል።

ይህ ታሪክ ከእኛ ጋር ሌላም የሥጋ ዝምድና አለው። በኖቬምበር 1979፣ ዲናሞ በርሊን የመጀመሪያ ዋንጫውን ባነሣበት ዓመት፣ የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ኤሪክ ሆኔከር አዲስ አበባ መጥቶ ከደርግ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራርሟል። የሚልከ መሥሪያ ቤት የደርግን የጸጥታ ሰዎች በማሠልጠንና በማማከር እጁን እንዳስገባ ሰነዶች ይመሰክራሉ። በ1984 ደግሞ ያችው አገር አዲስ አበባ ላይ የካርል ማርክስን ሐውልት አቆመችልን። በልጅነታችን በአጠገቡ ስናልፍ የስጦታ ሰጪዎቹ ሌላ ስጦታ በየምርመራው ክፍል እየተሠራበት መሆኑን አናውቅም ነበር።

የበርሊኑ ግንብ በኖቬምበር 1989 ፈረሰ። ዲናሞ በርሊን የተመሠረተው ጃንዋሪ 15 ቀን 1966 ነበር፤ ልክ በ24ኛ ዓመቱ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 1990፣ ሕዝቡ የሚልከን መሥሪያ ቤት ጥሶ ገባ። ሕንፃው ዛሬ ሙዚየም ነው፤ የሚኒስትሩ ጠረጴዛና ስልኮች በቦታቸው አሉ። እኛም ሄደን አይተናቸዋል። ከስልኮቹ ይበልጥ ቀልባችንን የሳበው ግን ወረቀቱ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንዲሉ፣ ስለ አይገንዶርፍ የተጻፈው ሁሉ፣ የመረጃ አቀባይ ዳኞቹ ስም ሁሉ ከዚያ ወረቀት ወጣ። ከ1992 መጀመሪያ ጀምሮ እያንዳንዱ ዜጋ ስለ ራሱ የተጻፈውን እንዲያነብ በሕግ ተፈቀደለት።

ዲናሞ በርሊንስ? በ1990 ስሙን ለውጦ «ኤፍሲ በርሊን» ተባለ፤ በ1999 ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። በተዋሐደችው ጀርመን የበላይ ሊግ ግን አንድም ጊዜ አልተጫወተም። በመለያው ላይ ግን 10 ቁጥር የተጻፈባት አንዲት ኮከብ እንዲያደርግ ተፈቅዶለታል። አሥሩን ዋንጫዎች ማንም አልሰረዘበትም።

መሰረዝ ነበረባቸው ወይ? ስለዚህ ጉዳይ ከወዳጆቻችን ጋር ተከራክረናል። የእኛ ሐሳብ መሰረዝ አልነበረባቸውም የሚል ነው። ዝርዝሩን የሚፍቅ ሰው ወንጀሉንም አብሮ ይፍቃል። ስሙ በዝርዝሩ ይኑር፣ መዝገቡም ጎኑ ይቀመጥ፣ ልጆቻችንም ሁለቱን አብረው ያንብቡ። በአገራችን አንዱ መንግሥት የሌላውን ሐውልት እያፈረሰ፣ መዝገቡን እያቃጠለ፣ ሁሉም ታሪክን ከራሱ ሲጀምር ኖሯል። በአገር ቤት ያላችሁ ወገኖቻችን በእጃችሁ ያለችውን ቁራጭ ወረቀት፣ ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሳትቀር ጠብቁ። ነገ ትፈለጋለች።

በስደት ላለነው ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር። የኦበርሊጋ የመጨረሻው ሻምፒዮን በ1991 ሐንዛ ሮስቶክ ሆነ። ያ በ1954 ከላውተር ተነቅሎ በአዋጅ ወደ ባሕር ዳርቻ የተወሰደው ቡድን ወራሽ ነው። አገሪቱ ፈርሳ፣ ሚኒስትሩ ወርዶ፣ ፊሽካው የማንም ባልሆነበት በመጨረሻው ዓመት፣ የበላይ ሊጉን ዋንጫ ከዚያ በፊት አንሥቶ የማያውቅ ክለብ አነሣው። ማንም ፊልም መልሶ እንዲመረመር አልጠየቀም።

ስለዚህ ራሳችንን እንጠይቅ። ትግላችን ፊሽካውን ከእነርሱ እጅ ነጥቀን በእኛ እጅ ለማስገባት ነው፣ ወይስ ከሁላችንም እጅ ለማውጣት? በየስብሰባው አዳራሽ «የእኛ ሰው ቢሾም» የሚለውን ንግግር ስንሰማ ያ የላይፕዚግ አዛውንት ጥያቄ ትዝ ይለናል። ባለ ፊሽካው ዘመዳችን ቢሆን እንኳ የምናገኘው ዋንጫ ኮከቡ የሚያጠራጥር ዋንጫ ነው። ከዚያ ይልቅ በሐቀኛ ዳኛ ፊት መሸነፍን እንመርጣለን፤ የሚቀጥለው ዓመት ጨዋታ እዚያ አለና።

ቸር ይግጠመን።